ሦስቴ የሚረገጠው ፍሬን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከበሩ አጠገብ ያላችሁም ወደ ውስጥ ግቡ። ዛሬ የምነግራችሁን ነገር ጮክ ብዬ ለመናገር አቅሙ የለኝም።

አንድ ሰው ነበር። ደሴ ነው የሚኖረው። ሥራው ወፍጮ መጠገን ነው። ዛሬ ሐይቅ፣ ነገ ኩታበር፣ ከነገ ወዲያ ውጫሌ፤ ወፍጮ በተበላሸበት ሁሉ ይጠራል። ታሪኩን እንድናገር ራሱ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን ልተውለት፤ የሚስቱንና የልጁንም ስም ለውጬዋለሁ።

ይህ ሰው መኪና ነበረችው። ነጭ፣ አሮጌ አውቶሞቢል። ስንት ዓመት ነዳት? አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች? እሱን የሚያውቅ የለም። ቆጣሪዋ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከቆመ ደግሞ አራተኛ ዓመቱ ነው። «ከዚያ ወዲህ አላረጀችም» እያለ ይቀልድ ነበር።

ሳቃችሁ። እኔም ስቄያለሁ። ቆዩ ብቻ።

ሚስቱ አሰለፈች ትባላለች። ብልህ ሴት ናት፤ ሁለት ጊዜ አትናገርም። ስለ መኪናዋ ግን ሁለት ጊዜ ሳይሆን ሁለት ዓመት ሙሉ ተናገረች። «ወይ ለውጣት፣ ወይ በደንብ አሠራት» ትለዋለች። ነገሩ የማጣት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ለመለወጫ የሚሆን አስቀምጠዋል። ሰውየውም «እሺ» ይላል፤ ሄዶ ያያል። አንዷን አየና «ቀለሟ ተነካክቷል፣ ተጋጭታለች ማለት ነው» ብሎ ተመለሰ። ሌላዋን አየና ምን አለ? «ሞተሯ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ የሌለው ሞተር ምን እንደሚያስብ አይታወቅም» አለ። ሦስተኛዋን ሳይነዳት ተመለሰ።

ለምን? «የኔዋን አውቃታለሁ» ይላል። «የሌላ ሰው መኪና የሌላ ሰው በሽታ ይዛ ነው የምትመጣው። የኔዋን በሽታ ግን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ያችን የምታውቋትን ተረት ይጨምርላታል፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ይህን ተረት መጀመሪያ ማን እንዳወጣው አላውቅም። እኔ ግን ሰይጣኑን እጠረጥራለሁ።

በእርግጥም ያውቃታል። የሾፌሩ በር ወደ ላይ ካልተነሣ አይከፈትም፤ ያነሣዋል። መሪዋ ወደ ግራ ይስባል፤ ሳያስበው እጁ ወደ ቀኝ ይይዝላታል። ፍሬኗ ደግሞ…

ፍሬኗን ልንገራችሁ። ሲረግጠው መጀመሪያ ይሰምጣል፤ እግሩ ወለሉ ድረስ ይሄዳል፤ መኪናዋ ግን አትሰማም። ሁለተኛ ይረግጣል፤ ትንሽ ትሰማለች። በሦስተኛው ትይዛለች። ሰውየው ይህን ለምዶታል። ሌላው ሰው አንዴ በሚረግጥበት ቦታ እሱ ቶሎ ቶሎ ሦስቴ ይረግጣል፤ ወሬውን እንኳ አያቋርጥም።

እንዴት አወቁ አትሉኝም? ከጎኑ ተቀምጬ አይቻለሁ። ሐይቅ ለቀብር ስንሄድ ቁልቁለቱ ላይ እግሩን አየሁና «ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት። «አባታችን፣ አንድ ለአብ፣ አንድ ለወልድ፣ አንድ ለመንፈስ ቅዱስ ነው» አለኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? ተቆጣሁ? አቁምና አውርደኝ አልኩ? ሳቅሁ፣ ልጆቼ። ካህን ነኝ፤ መስቀል በእጄ ይዣለሁ፤ በሥላሴ ስም እንዲህ ሲቀለድ ሳቅሁ። ሲመሽም ለባለቤቴ ነገርኳትና እንደገና ሳቅን።

እንድሪስ የሚባል መካኒክ አለው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት መካኒኩ ነው። እንድሪስ አልሳቀም። «ጋሼ፣ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ዕቃ ውስጡ አልቋል» አለው። «ዛሬ በሦስተኛው ይይዝልዎታል። ሲግል ግን በአራተኛውም ላይይዝ ይችላል። ወላሂ አንድ ቀን ታስለቅስዎታለች። ወይ እንቀይርላት፣ ወይ መኪናዋን ይቀይሯት።»

«ልሸጣት ስለሆነ ምን ያደርግልኛል?» አለ ሰውየው። አያችሁ? ሊሸጣት ስለሆነ አያሠራትም። ስለሚያውቃት ደግሞ አይሸጣትም። በሁለቱ መካከል በየቀኑ ይነዳታል።

ለዓመታዊው ምርመራስ እንዴት ያልፋል? ይህንንም ታውቁታላችሁ፤ ከመካከላችሁ ያላደረገው ካለ እጁን ያንሣ። ጎማ ይዋሳል። ከጎረቤት መኪና አራት ደህና ጎማ ተፈቶ ይታሰርላታል። ፍሬን ሲፈተን ደግሞ ተራው ሳይደርስ ውስጥ ለውስጥ ሁለቴ ረግጦ ይጠብቃል፤ ፈታኙ «ርገጥ» ሲለው ሦስተኛው ይሆናል። መኪናዋ ቀጥ ትላለች። ቦሎው ይለጠፋል። ከሰዓት በኋላ ጎማው ለባለቤቱ ይመለሳል።

ለአሰለፈችስ ምን አላት? «አሠርቻታለሁ» አላት። ቦሎውን በጣቱ እያሳየ። በሳምንቱም እኔን ጠርቶ መኪናዋን ጠበል አስረጨ። ረጨሁለት። ጎማውን ረጨሁ፣ ሞተሩን ከፍቶልኝ ሞተሩን ረጨሁ። አሰለፈች በረንዳ ላይ ቆማ አሜን ትላለች። ምን ትበል? ቦሎ አየች፤ ጠበል አየች። መንግሥትም ቤተ ክርስቲያንም ደህና ናት ብለው መሰከሩላት።

በመጨረሻ፣ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ አዲስ አበባ የሚኖር የአጎቱ ልጅ «ሰው ሳያያት ቶሎ ናና እያት» የሚላት መኪና ተገኘች። አሰለፈችም ስንቁን ቋጥራ «ሳትገዛ እንዳትመጣ» አለችው። ሊነጋጋ ሲል አውቶቡስ ተሳፈረ።

የመኪናዋን ቁልፍ ሁልጊዜ ይዞ ነው የሚሄደው። ሰፈርተኛው «ስስታም ነው፣ ለልጁ እንኳ አያስነዳም» ይለዋል። ስስት አልነበረም። ያውቅ ነበራ። ሌላ ሰው ያቺ መኪና ላይ እንዳይቀመጥ የሚጠብቃት፣ ምን እንደያዘች ስለሚያውቅ ነው። ያን ቀን ግን ብርድ ነው ብሎ ካፖርት ለብሶ ወጣ፤ ቁልፉ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ቀረ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከኮምቦልቻ ስልክ ተደወለ። የአሰለፈች እናት ግቢ ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀዋል፤ መነሣት አልቻሉም፤ ቤት ውስጥ የሚያነሣቸው ሰው የለም። አሰለፈች ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ልጇ ትርሲት ተከተለቻት። ትርሲት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ዓመት አልሞላትም። «እማዬ፣ በታክሲ ሄደን አያቴን በምን እናነሣታለን?» አለች። ቁልፉን ከጃኬቱ ኪስ ያገኘችው እሷ ናት።

እኔ ከኪዳን እየተመለስኩ ነበር። በራቸው ላይ ስደርስ መኪናዋ ወደ ኋላ እየወጣች ነው። መሪው ላይ ያለችው ትርሲት ናት። መስታወቱን አወረደችና «አባታችን፣ ይባርኩን፤ አያቴ ወድቃ ወደ ኮምቦልቻ እየሄድን ነው» አለችኝ።

ወደ ኮምቦልቻ። በሐረጎ ነዋ። ሐረጎን የማታውቁት ካላችሁ፣ ከደሴ ራስ ወደ ቆላው የሚወርድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል። በነሐሴ ደግሞ ጉሙ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ ከፊት ያለውን መኪና የምታዩት በመብራቱ ነው።

ፍሬኑ ትዝ አለኝ? ትዝ አለኝ። እግዚአብሔር በሚያውቀው ነገር አልዋሻችሁም። የዚያ ሰው እግር ሦስቴ ሲረግጥ በዓይኔ መጣ። ከዚያ «አሠርቷት ይሆናል» አልኩ። «ልጅቷ ታውቅ ይሆናል» አልኩ። «አሁን ይህን ባነሣ አሰለፈች ባሏን ትጣላለች፤ ምን አገባኝ» አልኩ። ይህን ሁሉ ያልኩት መስቀሉን እስካነሣ ድረስ ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው።

መስቀሉን አነሣሁ። «በሰላም ያግባችሁ» አልኩ። ሄዱ።

አባትየው በዚህ ሰዓት የት ነው? ሸዋ ሮቢት። አውቶቡሱ ለቁርስ ቆሟል። ፍርፍሩ ቀርቦለት አንዴ ሲጎርስ ስልኩ ጠራ። ልጁ ናት።

«አባዬ፣ እንዳትቆጣኝ። መኪናህን ይዤያለሁ። አያቴ ወድቃ ከእማዬ ጋር ወደ ኮምቦልቻ እየሄድን ነው።»

«የት ደረሳችሁ?»

«ሐረጎ አናት ላይ ዳር ይዤ ቆሜያለሁ። ጉም ነው። አባዬ፣ ፍሬኑ ለስለስ ይላል። ከተማ ውስጥ ሁለቴ ስረግጠው ነው የያዘልኝ። እንዲህ ነው እንዴ?»

ልብ በሉ። ጠየቀችው። ልጅ አባቷን ጠየቀች። ከቁልቁለቱ በላይ ቆማ፣ ሳትወርድ፣ ጠየቀችው። ከዚህ በላይ እግዚአብሔር ለአንድ ሰው ምን ያድርግለት? ቁልፉን እንኳ ቢረሳ፣ ካህኑ እንኳ ዝም ቢል፣ ልጅቷን ከቁልቁለቱ አናት ላይ አቁሞ ስልክ አስደወለለት።

«ውረጂ፣ ቁልፉን ንቀዪ፣ በእግራችሁ ተመለሱ» ማለት ነበረበት። አፉን ከፈተ። ያኔ ከልጅቷ ጎን የአሰለፈች ድምፅ ተሰማ። «ምን አለ? ፍሬኑን አሠርቼዋለሁ ብሎኝ የለም?»

ሰውየው አፉን ዘጋ። እንደገና ከፈተ። «ልማዷ ነው፣ ልጄ» አለ። «ቀስ ብለሽ ንጂ።»

«እሺ አባዬ» አለች። ዘጋች።

ልጆቼ፣ ሰውየው ልጁን አይወድም? ከነፍሱ አብልጦ ይወዳል። ክፉ ሰው ነው? አይደለም። ሚስቱ ፊት ዋሾ ላለመባል ብቻ፣ ለአንዲት ደቂቃ ዕፍረት ብሎ፣ ልጁን ወደ ጉሙ ሰደዳት። እኔስ? እኔም እንደዚያው።

ከዘጋ በኋላ ምን ያህል ቆየ? እሱ እንደሚለው፣ ቀጣዩን ጉርሻ ሳይጎርስ ነው። መልሶ ደወለ። ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ሴት መለሰችለት። እንደገና ደወለ። ያቺው ሴት። ተነሥቶ ከምግብ ቤቱ ወጣ፤ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ደወለ። ያቺው ሴት፣ ያው ለስላሳ ድምፅ። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ፤ እሱ አልሰማም። ጥሎት ሄደ።

ወደ ደሴ የሚመለስ አይሱዙ ለመነና ተሳፈረ። መንገዱን ሁሉ ደወለ። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?» ይለዋል፤ እሱ ቁጥሩን ደግሞ ይጫናል። ቀኝ እግሩም ሥራ አልፈታም። ይረግጣል። ባዶውን ወለል፣ ሦስቴ፣ ሦስቴ፣ ሦስቴ። በእሱ እግር የሷ መኪና ትቆም ይመስል። ከፊት አምቡላንስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። «እባክህ ጌታዬ፣ ውስጥ ያለችው ልጄ አትሁን» ብሎ ጸለየ። ከዚያ ደነገጠ። የሱ ካልሆነች የሌላ ሰው ልጅ መሆኗ ነዋ። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ጸሎታችሁን እንኳ ያበላሽባችኋል።

ከሚሴ ሲደርስ ስልኩ ተነሣ። «ሃሎ» የሚለው ግን የወንድ ድምፅ ነው።

የማታውቁት ሰው የልጃችሁን ስልክ ሲያነሣ ምን ይሰማችኋል?

«የባለስልኳ ምኗ ነህ?» አለው ድምፁ። አባቷ ነኝ ማለት አቃተው። ስልኩን ያነሣው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከታች እየወጣ ሳለ አግኝቷቸዋል። «ደሴ ሆስፒታል አድርሰናቸዋል» አለው። «ሁለቱም ይተነፍሳሉ።»

ይተነፍሳሉ። ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ የያዘው ይህችን ቃል ብቻ ነው። መተንፈስ እንዴት ያለ መተንፈስ? እስከ መቼ የሚቆይ መተንፈስ? ደግሞ ለመጠየቅ ፈራ።

የሆነው ይህ ነው። ትርሲት ቁልቁለቱን ቀስ ብላ ነው የወረደችው፤ አባቷ እንዳላት። ሁለት መታጠፊያ አለፈች። ፍሬኑ ጋለ። ሦስተኛው ላይ ስትረግጥ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ደግማ ረገጠች። የለም። የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ ጎማው ሸተተ እንጂ አልያዘም። ከፊቷ ገደል ነው። ያቺ ልጅ መሪውን ወደ ተራራው አዞረችና መኪናዋን ከቋጥኙ ጋር አላተመቻት። የአሰለፈች ጭን ተሰበረ። የትርሲት ግንባር ተሰነጠቀ፤ ዘጠኝ ቦታ ተሰፋ። ወደ ተራራው ባታዞር ኖሮ እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ምሳሌ የለኝም፤ ፍታት ነው የማደርገው።

አያቲቱን ጎረቤት አነሣቸው፤ ደህና ናቸው።

ሰውየው ሆስፒታል ገባ። ልጁን አልጋ ላይ አገኛት፤ ግንባሯ በፋሻ ተጠቅልሏል። ስታየው ምን ያለችው ይመስላችኋል? «ገደልከኝ» አለችው? «ለምን አልነገርከኝም» አለችው?

«አባዬ፣ ይቅርታ» አለችው። «መኪናህን ሰበርኩት። ቀስ ብለሽ ንጂ ብለኸኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የፈጠንኩት። እማዬን ልገድላት ነበር። ይቅር በለኝ።»

አልፈጠነችም እኮ። እንዳላት አድርጋለች።

እሱስ ምን አለ? የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ይሰማል፤ አስታማሚው ሁሉ ዞሮ ያያል። ግንባሯን ሳመና «ዋናው ነፍስሽ ነው፤ መኪና ይተካል። ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። ከጎን ያሉት ሴቶች እንባቸውን ጠረጉ። «ምን ያለ አባት ነው» አሉ። «የኔ ቢሆን ይገድለኝ ነበር» አለች አንዷ።

ይቅር አላት! የራሱን ኃጢአት እሷ ላይ ጫነና ይቅር አላት። ሰውም አመሰገነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ክፋት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ በጨዋ ልብስ የመጣ ክፋት ግን አልሰማሁም።

በሳምንቱ ሰውየው እኔ ዘንድ መጣ። ተቀመጠ። ስለ ምን ሊጠይቀኝ የመጣ ይመስላችኋል?

«አባታችን፣ ምን ይመክሩኛል? እንድሪስ አያት፤ ሞተሩ አልተነካም፣ ትሠራለች አለኝ። ላሠራት ወይስ ልጣላት?»

«ትርሲት እንዴት ናት?» አልኩት።

«አትተኛም። እየባነነች እማዬን ገደልኳት ትላለች። እናቷ አጠገቧ ተኝታ እያየቻት እንኳ አታምንም። መሪ ዳግመኛ አልነካም ብላለች። ሰው ቤት ሲመጣ ትደበቃለች።» ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋና የስልኩን ነገር ነገረኝ። ልማዷ ነው ያለውን። ያን እያወቀ እንዳላት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም አያውቅም። ነግሮኝ ሲጨርስ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። «ስንት ልስገድ? ስንት ቀን ልጹም? የፈለጉትን ያህል ይዘዙብኝ» አለኝ።

ስግደት ፈለገ። ታውቃላችሁ? ሺህ ስግደት ከአንዲት ቃል ይቀላል። ጉልበት ይላጣል፤ ፊት ግን አይላጥም።

«ስግደቱ ይቆይ» አልኩት። «ሂድና ለልጅህ ንገራት። እናቷ ባለችበት። አሁን። እኔም አብሬህ እመጣለሁ።»

«ትጠላኛለች» አለኝ።

«ትጠላሃለች» አልኩት። ምን ልበለው? ልዋሸው?

ሄድን። ሰባት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። አሰለፈች ጭኗ በጀሶ ታስሮ ተኝታለች፤ ትርሲት እግርጌዋ ተቀምጣለች። ሰውየው በሩ ላይ ቆመ። ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም። ተናገረ። የእንድሪስን ምክር፣ የተዋሰውን ጎማ፣ አሠርቻታለሁ ያለውን ውሸት፤ ሁሉንም። አሰለፈች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ትርሲት አየችው። «ሐረጎ ላይ ሆኜ ስደውልልህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንዲህ ነው እንዴ ብዬ ስጠይቅህ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ለምን እንደመጣሁ ማንም አልነገራትም፤ ግን ገባት። «እርስዎም ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰብኬአለሁ። ጳጳስ ጠይቆኛል፣ ዳኛ ጠይቆኛል። እንደዚያ ጥያቄ ያስፈራኝ የለም። በመጨረሻው ቀን የሚጠየቀውም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። «አውቅ ነበር» አልኳት። «ስባርክሽ ትዝ ብሎኝ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ተነሥታ በመካከላችን አልፋ ወጣች። አባቷን ለሁለት ወር አላናገረችውም። እኔን እስካሁን ሰላም የምትለኝ ራቅ ብላ ነው።

ግን ይህንን ስሙ። አሰለፈች ከወር በኋላ የነገረችኝ ነው። «አባታችን፣ ያን ዕለት ትርሲት ተኛች» አለችኝ። «ሰሃን ሰበረች፣ በር አላጋች፣ የአባቷን ስም እየጠራች አለቀሰች። ከዚያ ሳትባንን እስኪረፍድ ተኛች።»

በአባቷ ተቆጥታ ተኛች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። መኪናችንን እናቆይ ወይስ እንለውጥ ብላችሁ የምትጨነቁ አላችሁ፤ እሱን እንድሪስን ጠይቁ፣ የኔ ሥራ አይደለም። አሮጌ መኪና መያዝ ኃጢአት አይደለም። እኔ ራሴ አሮጌ ነኝ።

እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። እናንተ ዘንድ ሦስቴ የሚረገጠው ምንድን ነው? የለመዳችሁት፣ አውቀዋለሁ የምትሉት፣ ማንም ሳያይ በእግራችሁ የምታስታምሙት? «የመጠጤን መጠን አውቃለሁ» የምትል አለህ። አዎ፣ አንተ ታውቃለህ። ልጅህ ግን መጠኑን አያውቅም፤ ብርጭቆውን ብቻ ነው ያየው። ከወንድምሽ ጋር በርስት ተጣልተሽ አሥር ዓመት ቂም ይዘሽ የኖርሽ፣ አንቺ የት ላይ ዝም እንደሚባል ታውቂያለሽ። ልጆችሽ ግን ነገ ከልጆቹ ጋር አንድ ገበያ ላይ ይገናኛሉ፤ ያን ቂም የሚነዱት እነሱ ናቸው። ቁልቁለቱ ላይ አንቺ የለሽም።

ጾም ሲመጣ ጎማ እንዋሳለን። ደህና ፊት፣ ደህና አንደበት፣ ነጭ ነጠላ። እኛ ካህናትም አይተን ቦሎውን እንለጥፋለን። ፋሲካ ሲውል ጎማው ለባለቤቱ ይመለሳል። ሰው ያልፋል በዚህ። ሐረጎ ግን ቦሎ አያነብም።

አስፈራኋችሁ? እኔም ፈርቻለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ የምለው ከዚህ ይብሳል። በሽታውን የደበቀ ሰው በሽታውን ለሌላ ሰው ያወርሳል፤ የወረሰውም «ከኔ የመጣ ነው» ብሎ ያለቅሳል። ስንት ልጅ አለ ዛሬ፣ የአባቱን ስብራት የራሱ ጥፋት አድርጎ የሚባንን? ስንት አባት አለ፣ ራሱ ለሠራው ልጁን ይቅር እያለ የሚመሰገን?

ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ ነው የምትሄዱት። ልጆቻችሁ እዚያ ናቸው። አንዳንዶቹ አድገው መሪውን ሊይዙ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ አንዳንዶቹ ይዘውታል። አስቀምጧቸውና ንገሯቸው። አታሳምሩት። «ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ያንተ አይደለም። ይህ የኔ ውሸት ነው፤ ያንቺ አይደለም» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ።

ልጃችሁ ትቆጣለች። ምናልባት ሁለት ወር አታናግራችሁም። ምናልባትም ከዚያ በላይ።

ትቆጣ። ተቆጥታ ትኑር።